አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልፍ ፊልም

ባለሙያው ካሜራውን ከነጩ ግድግዳ ፊት ለፊት ተክሎ ፊልሙን በአሮጌው ፕሮጀክተር ጥርሶች ላይ አስገባ። ፊልሙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሲነኩት ይሰነጠቃል። ከሟች ልጇ የተረፋት ምስል ይህ ብቻ መሆኑን እናትየው ነግራዋለች። «እማማ፣ አንዴ ካለፈ አለቀለት፤ ካሜራው ከግድግዳው ላይ የሚቀዳው ያኔ ብቻ ነው። መሃል ላይ ባቆመው ደግሞ መብራቱ ያቃጥለዋል። ከወንበሩ እንዳይነሱ፣ አደራ።» «በዚህ ጉልበቴ ወዴት እንዳልሮጥ ነው?» አለች።

ካሜራው መቅዳት ጀመረ። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ከሩቅ ብቅ አለችና እጆቿን ዘርግታ መሮጥ ያዘች። ያለፈው ፊልም ከፕሮጀክተሩ ኋላ እየተሰባበረ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ባለሙያው ቀና ሲል እናትየው ግድግዳው ዘንድ ደርሳለች። «መጣሁ፣ የኔ እናት፣ መጣሁልሽ!» «እማማ፣ ከለሉት! ዘወር ይበሉ!» አልሰማችውም። ግድግዳውን አቀፈችው፤ እየቀረበ የመጣው ፊት በሰፊው ጀርባዋ ላይ አርፎ የሐዘን ጥቁር ሹራቧ ዋጠው።

ፊልሙ አለቀና ባዶ ብርሃን ብቻ ቀረ። እናትየው እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ ወንበሯ ተመለሰች። «ጥላዬ ጋርዶኝ ፊቷን ሳላየው አለፈ፣ ልጄ» አለችው። «በል እስቲ የቀዳኸውን አሳየኝ።»