በጾም የጠፉ እንቁላሎች

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሁዳዴ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። በዚያ ጠዋት አንለይ ዶሮዋ ስታስካካ ሰማ፤ ፊቱን ታጥቦ እስኪደርስ ግን ጎጆዋ ውስጥ የቀረው የሞቀ ጭድ ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት ደስተኛ ሰው ነበር ማለት አይደለም። አንለይ በእርሻ ሳይንስ ዲግሪ ይዞ አሶሳ ግብርና ቢሮ ገባ። የክፍል ኃላፊነቱ ያንተ ነው ተባለ፤ ወንበሩ ግን ለሻዕባን ተሰጠ። ለምን ብሎ ያላንኳኳው በር የለም። የመለሰለት አልነበረም። ሻዕባን ደግሞ አለቃው መሆኑ ሳያንስ፣ በቀርከሃ አጥር ብቻ የሚለየው ጎረቤቱ ነው። እግዜር ሲቀጣ እንዲህ ነው።

ስለዚህ አንለይ ፊቱን ወደ ዶሮ አዞረ። ዶሮ ቢያንስ የሰው ዕድገት ይዛ አትቀርም።

እናቱ ፓዌ ላይ ዶሮ ሲያረቡ እሱ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ አሁን መጽሐፉ እንዳዘዘው ሠራ። ሽለምጥማጥ እንዳይገባ የዶሮ ቤቱን ከመሬት ከፍ አደረገው። ጉንዳን እንዳይወጣ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት በያዙ ጣሳዎች ውስጥ አቆማቸው። የከሰዓት ፀሐይ ዶሮዎቹን እንዳይጠብሳቸው በሩን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ቆጡን ሳይቀር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ለወለሉ ያዋለው ሳንቃ እሱና ጤናዬ በተጋቡ ሰሞን ለትንሽ የልጅ አልጋ ብለው የገዙት፣ አልጋው ሳይሠራ የከረመ ሳንቃ ነበር። ሲያወጣው ጤናዬ አንዴ ዳበስ አድርጋው ወደ ቤት ገባች።

ሻዕባን በአጥሩ ላይ ተንጠራራ።

«ኢንጂነር፣ መጋረጃው ገና ነው?»

«አየር በጣሪያው ሥር ይገባል» አለ አንለይ ቀና ሳይል።

«ወላሂ ከኔ መኝታ ቤት ይሻላል። እንግዳ ሲመጣብኝ ታሳድርልኛለህ?»

ጤናዬ ሳቀች። አንለይ ይህንንም በቂም ያዘ።

ዶሮዎቹ በመጀመሪያው ምሽት ቤቱን ንቀው የሻዕባን ማንጎ ላይ ወጡ። አንለይ መሰላል ላይ ሆኖ በየስማቸው ሲለምናቸው፣ ሻዕባን ከታች ሆኖ «ዶሮህ ግቢ መርጧል፤ ምን ላድርግ?» ይለው ነበር።

ውለው አድረው ለመዱ። መጣልም ጀመሩ። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ፤ ለአንለይ የተመቸ ነበር። እቤቱ እንቁላል የሚቀምስ የለም። አጠራቅሞ ያስታቅፋል፤ ለፋሲካ ጫጩት ያያል። «በዚህ ዓለም አንድ ነገር ከእኔ ቤት ተፈልፍሎ ልይ» ይል ነበር።

ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይጠፋ ጀመር።

«ሽለምጥማጥ ይሆናል» አለች ጤናዬ። ያን ሰሞን ጥርሴን እያለች ጤና ጣቢያ ትመላለስ ነበር፤ ከሰዓት በኋላም ትተኛለች። ጾሙ ከብዷት ነው ብሎ አልፎታል።

አርብ ማታ አንለይ በአጥሩ ሥር፣ በሻዕባን በኩል፣ የእንቁላል ቅርፊት አገኘ። ተቀቅሎ በጣት የተላጠ ነው።

«ሽለምጥማጥ ቀቅሎ ይልጣል?»

«ሰውየው ረመዳን ይዟል እኮ!»

«የባሰው እሱ ነዋ! ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ። ወንበሬን ሲወስድ ማስረጃ አልነበረኝም፤ አሁን ቅርፊት አለኝ።»

ጤናዬ ፊቷ ተለወጠ። «ተው አንለይ። ሰውን በጾሙ አታዋርደው። ከዚህ በኋላ እዚህ ሰፈር በምን ዓይኑ ይኖራል?»

«እኔን ሲያዋርዱኝ ተው ያለ ነበር?»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጤናዬ ገበያ ልሂድ ብላ ወጣች። አንለይ ከዶሮው ቤት ጀርባ ተቀምጦ ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ ከሻዕባን ማድ ቤት ጭስ ወጣ። የሻዕባን ልጆች አድገው ወጥተዋል፤ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው የቀሩት። ሁለቱም ጾመኛ በሆኑበት ቤት በረፋድ ምን ይበስላል?

አንለይ የግቢውን በር በርግዶ ገባ።

«ሻዕባን! እንቁላሌን ማን በላው?»

የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ላይ ጭንቅላቱን ደረደረ። ሻዕባን ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ደርቋል። የማድ ቤቱን በር አየት አድርጎ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ።

«በኔ ይሁን» አለ።

«በላህ?»

«በኔ ይሁን አልኩህ። ዶሮ እተካልሃለሁ። አሁን ግን ድምፅህን ቀንሰህ ሂድልኝ።»

«በረመዳን! በጠራራ ፀሐይ!» አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ። ሻዕባን አንገቱን ደፋ።

አንለይ ስንት ዓመት የጠበቃት ሰዓት ይቺ ነበረች። አፉን ሊከፍት ሲል የማድ ቤቱ በር ተከፈተ።

ጤናዬ ናት። በእጇ የተገመጠ እንቁላል ይዛለች።

«ሰውየውን ተወው» አለች። «እሱ ጾሙን አልፈታም። የበላሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? በሁዳዴ?»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት ያዘዘችኝ። በጾም በቤቴ ድስት መቀቀሉ ቢከብደኝ ባለቤቱን አስቸገርኳት፤ ለሰው እንዳይነግሩም አስማልኳቸው። የንስሐ አባቴም ያውቃሉ። ‹ዘንድሮ ጾሙ ላንቺ አይደለም› ብለውኛል።»

አጥሩ ላይ የተደረደረው ጭንቅላት አንድ በአንድ ወረደ። አንለይ እጇ ላይ ያለውን እንቁላል ትቶ ሆዷን አየ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አለ። «ጤናዬ፣ በናትሽ፣ አንቺ እንኳ እንደነሱ ዝም አትበይኝ፤ መልሺልኝ፤ ስንት ወር?»