ከአባቴ የደረሰኝ

ከአባቴ የደረሱኝን የድሮ የብር ሳንቲሞች ላስመረምር ፒያሳ ወዳለ ሽማግሌ ብር ሠሪ ሄድኩ። ዋጋ ያወጣ እንደሆን ብዬ እጀታው ቀጭን የሆነውን የአባቴን የዝንብ ጭራም ይዣለሁ። ሽማግሌው ሳንቲሞቹን በምራቁ ባራሰው አውራ ጣት እያሸ ያሸታቸው ጀመር። ቀፈፈኝ።

«ብሩስ እውነተኛ ነው» አለኝ። «ግን ሁሉም አንድ ፊታቸው ላይ ሰም አለ። አባትህ ምን ነበሩ?»

«የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ጠባቂ። ቁልፉ እንኳ አለቃው ጋ ነበር። አባቴ የምጽዋት ሳንቲም በእጃቸው ነክተው አያውቁም።»

«በእጅማ አይነካም። ቀጭን እንጨት ጫፉ ላይ ሰም ይለጠፍበትና በሳጥኑ ቀዳዳ ይገባል።»

አባቴ ዝንብ በማይታይበት ብርድ እንኳ ያለ ጭራ ቤተ ክርስቲያን ሄደው አያውቁም። እጀታውን ለቅቄ መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ። አሁንም ያጣብቃል።