ረገጥ ያድርጉት

የድሮኑን ባትሪዎች ሜዳ ላይ የምንሞላው ከመኪናው ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ቻርጀሩ ጉልበት ሲያንሰው እጮሃለሁ፤ ሹፌራችን ጋሼ ከፊት ነዳጅ ይረግጣሉ።

«ጋሼ፣ ረገጥ ያድርጉት!»

ሞተሩ ጮኸ።

«ይበቃል!»

ዝቅ አለ። ወትሮ ሦስቴ ካልጠሯቸው የማይሰሙ ሰው ዛሬ ቃሌን ከአፌ ቀለብ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው ባትሪ ሲሞላ ጋሼ ከወንዙ በኩል ጀሪካን ተሸክመው እያለከለኩ መጡ።

«ሥራ አስፈታሁሽ አይደል ልጄ? ቁልፉን ረስቼ በኪሴ ይዤው ሄድኩ» አሉና አውጥተው አሳዩኝ። ከዚያ የሞተሩን ድምፅ ሰሙ። «ታዲያ ማን አስነሳው?»

ሁለታችንም በመስኮቱ አየን። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ሞተሩ ሳላዘው ጮኸ፤ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ።

«ይበቃል!» አልኩ ሳላስበው።

ዝቅ አለ።