ቄስ ወልደ ሰንበት የጻፉት

ወለተ ኢየሱስ የአባቷን ስብከቶች ከጥራዞቹ እየገነጠለች ደጅ ያነደደችው እሳት ላይ ትጥል ነበር። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይያያዝም፤ በእንጨት ትቆሰቁሰዋለች። የሚሲዮን መጽሐፍ የተገኘበት ቤት እንደሚቃጠል አማኑኤል ገበያ ላይ ታውጇል። የጣሊያን ፈታሾች ነገ ይመጣሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጨቅላ ልጇ ተኝታለች።

ቀና ስትል መሪጌታ አካለ ወልድ ከአጥሩ በር ላይ ቆመዋል።

አባቷ ቄስ ወልደ ሰንበት ስዊድኖች ዘንድ ተምረው የመጡ የሉተራን ቄስ ነበሩ። መሪጌታ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ «ጸረ ማርያም ነው» እያሉ ሰዉን ሲያርቁባቸው ኖረዋል። አሁን ባንዳ አስከትለው የመጡ መሰላት። ከኋላቸው ግን ማንም የለም።

«ይግቡ፣ መሪጌታ» አለች።

ገቡ፤ አልተቀመጡም። «ደምለውን ሰቀሉት» አሉ። «ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው ላይ። ለአርበኛ ስንቅ አቀብለሃል ብለው።»

ደምለው አንድ ልጃቸው ነበር። ወለተ ኢየሱስ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። «እግዚአብሔር ያጽናዎ።»

«ሁሉም እንዲያ ይለኛል። ለስንቱ ሙት ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ለልጄ ስገልጠው ግን አፌ ይተሳሰራል።» ወደ እሳቱ ጠጋ አሉ። «በፈንጣጣው ዓመት አባትሽ ሁለት ልጆች አከታትለው ቀበሩ። ቀባሪ አልነበራቸውም፤ ብቻቸውን ቆፈሩ። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ የኛን በሽተኞች ሊያስታምሙ መጡ። የኔን እናት ቁስል ያጠቡ እሳቸው ናቸው። በምን ጉልበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ሰሞን የጻፉት ነገር ነበር ይባላል።»

«ነበር።»

«ተቃጠለ?»

ያልተቃጠለውን አገላበጠች። አባቷ በየሙት ዓመታቸው ለቤተሰቡ ያነቡት ስለነበር ገጹን ታውቀዋለች። ከእሳቱ ጥግ አገኘችው፤ ጠርዙ ጠቁሯል። አመዱን አራግፋ አነበበች፦

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አመሰግንሃለሁ ብል ውሸት ነው። ልጆቼን አፈር አልብሼ መምጣቴ ነው። ባለፈው ሰንበት ‹እምነታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ› ብዬ ሰብኬ ነበር። ዛሬ የምይዝበት እጅ የለኝም። እንግዲያስ አንተ ያዘኝ። ድሮም የያዝኸኝ አንተ ነበርህ እንጂ እኔ አልነበርሁም። ነገ የታመመ ጎረቤት ቢጠራኝ እሄዳለሁ፤ በርትቼ አይደለም፣ እጅህ ስላልለቀቀኝ ነው።»

መሪጌታ የቤቱን ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ከማለቁ በፊት ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ሲቆይ ግን ለቅሶው ገንፍሎ ወጣ፤ ከለቅሶው መሐልም በግእዝ ዳዊቱ መጣ፣ እየተቆራረጠ። ወለተ ኢየሱስ እስኪጨርሱ ከጎናቸው ቆመች። ልጇ ነቅታ አለቀሰች፤ ገብታ አቅፋት ወጣች።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ቀሩት ጥራዞች ክምር ተመለከቱ። «ይህን ሁሉ ልታቃጥይው ነው?»

«እንግዲህ ምን ላድርግ? ልጅ ይዣለሁ።»

«መሪጌታ ዘንድ የሚሲዮን መጽሐፍ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

«ቢያገኙብዎትስ?»

ጥምጥማቸውን ፈትተው መሬት ላይ ዘረጉት፤ የአባቷን ጽሑፎች አንድ በአንድ እያነሡ ደረደሩበትና ጠቀለሉት። ያቺን ጠርዟ የጠቆረች ገጽ ከላይ አደረጓት።

የአገሩ ሰው መሪጌታ አካለ ወልድን ያለ ጥምጥም አይቷቸው አያውቅም። በጠራራ ፀሐይ ሽበታቸውን ገልጠው፣ ነጩን ጥቅል ለክርስትና እንደሚወሰድ ሕፃን በደረታቸው አቅፈው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን አቀበት ቀስ ብለው ተያያዙት።