ምንም ያልተሰጠው መንደር

«ይህን መንደር ከሪፖርቱ አውጪው!»

ዶክተር አምሐ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት...

ምስጢር ወረቀቱን አነሣችው።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ዶክተር አምሐ በሚመሩት አንድ አነስተኛ የጥናት ቢሮ ትሠራለች። ሥራዋ ለኅብረተሰቡ የሥነ ልቦና ድጋፍ ፕሮግራም መቅረጽና «በእርግጥ ሰውን ጠቅሟል ወይ?» ብሎ መመዘን ነው።

ባለፈው ዓመት በወገራ ደጋ ልጆቻቸውን በሞት ላጡ እናቶች አንድ ፕሮግራም ቀረጸች። ከሐሳቡ ጀምሮ የራሷ ነበር።

ሁለት መንደር ተመረጠ።

ለአንደኛው አዳራሽ ተዘጋጀለት፣ አማካሪ መጣለት። እናቶቹ በየሳምንቱ እየፈረሙ ትምህርት ተከታተሉ።

ለሁለተኛው... ምንም!

ለማነጻጸር ብቻ እናቶቹ አንዴ አሥራ አንድ ጥያቄ ተጠይቀው ተተዉ።

ከዓመት በኋላ ሁለቱም መንደሮች ድጋሚ ተጠየቁ። ምስጢር ውጤቱን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው... ዓይኗን ማመን አቃታት።

ፕሮግራሙ የተሰጣቸው እናቶች ትንሽ ተሽሏቸዋል።

ምንም ያልተሰጣቸው ግን... በእጥፍ!

«ለጋሾቹ ይህን ካዩ ፕሮግራምሽ ተዘጋ ማለት ነው» አሉ ዶክተር አምሐ። «መረጃ ሰብሳቢዎቹ ተሳስተዋል ብለሽ ጻፊና መንደሩን አውጪው። በቃ!»

«አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ... ሄጄ ልየው።»

በማግስቱ በሚኒባስ እስከ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ በእግሯ ዳገቱን ተያያዘችው።

ቀኑ መድኃኔዓለም ስለነበር እርሻ አይነካም። እማማ የትነበርሽ ደጅ ላይ ሰባት ስምንት ሴቶች ተቀምጠው የባቄላ ቆሎ እየቆረጠሙ ይጫወታሉ።

ምስጢር እማማን በደንብ ታስታውሳቸዋለች። የዛሬ ዓመት የጠየቀቻቸው ራሷ ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን በአንድ ዓመት የቀበሩ፣ ቀና ብለው ሰው ማየት ያቃታቸው ሴት ነበሩ።

ዛሬ ግን ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ተነሡ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከሳሽ? ነይ እስቲ፣ ነይ ተቀመጪ!»

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ... ሌላ ድርጅት መጥቶ ረድቷችሁ ነው?»

«ኧረ ማንም አልመጣ!»

«ታዲያ ምን አገኛችሁ?»

እማማ ሳቅ አሉ።

«አንቺን ነዋ!»

«እኔን?! እኔ እኮ ጠይቄ ነው የሄድኩት...»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ‹ሲከፋዎት የሚያዋዩት ሰው አለ?› አልሽኝ። ‹የለም› አልሁሽ። አንቺ ጽፈሽ ሄድሽ... ጥያቄው ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። ልጆቼን ከቀበርሁ ወዲህ ‹እግዜር ያጥናሽ› ያለኝ ብዙ ነው። የጠየቀኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ጠቆሙ።

«ይች አበቡ ናት። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ አትወጣም ነበር። ሄድሁና ልክ አንቺ እንዳልሽው ጠየቅኋት።»

«እኔም ‹የለም› አልሁ» አለች አበቡ። «ሁለታችን ተላቀስን... ከዚያ ተያይዘን ወደ ሦስተኛዋ ሄድን።»

«አሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰናል፣ የቀሩት ገና ይመጣሉ» አሉ እማማ። «በዓል በመጣ ቁጥር በየተራ አንዷ ቤት እንሰበሰባለን። ፊደል ባልቆጥርም አሥራ አንዱንም ጥያቄሽን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስንጨርስ ደግሞ እንዳንቺው ‹ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን› እንባባላለን!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ምስጢርም ሳቀች...

እማማ ግን አተኩረው አዩዋት።

«አንቺስ ልጄ? ሲከፋሽ የምታዋዪው አለሽ?»

ምስጢር እናቷን ከቀበረች ገና አምስት ወሯ ነው። በአራተኛው ቀን ቢሮ ገብታ ሥራ ጀምራለች። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» ይላታል...

«የ... ለኝም» አለች።

እማማ የትነበርሽ ስበው አቀፏት። ማንም «ዝም በይ» አላላትም... እስኪወጣላት አለቀሰች።

በማግስቱ ሪፖርቱን አንዲት ቁጥር ሳትነካ አቀረበች። የሆነውንም ሁሉ ተናገረች።

ዶክተር አምሐ ራሳቸውን ያዙ።

«ምስጢር! ጥያቄው ራሱ ድጋፍ ከሆናቸው ማነጻጸሪያችን እኮ ተበላሽቷል!»

«አዎ ዶክተር፣ ጥናቱ ተበላሽቷል። እናቶቹ ግን ቀና ብለዋል... የቱን ነው የማወጣው?»

ዶክተሩ ሪፖርቱን እንደገና ገለጡት። በመጨረሻ እስክሪብቶ አንሥተው ሪፖርቱ ላይ ፈረሙ። «ለጋሾቹ ፊት አብሬሽ እቆማለሁ» አሉ።

ለጋሾቹ ግን አልራሩም። ፕሮግራሙን ዘጉት። ምስጢርም ስድስት ወር ሙሉ ያለ ፕሮጀክት ተቀመጠች...

በሰባተኛው ወር አንድ ሌላ ድርጅት ያንን ሪፖርት አንብቦ ደወለላት።

አዲሱ ፕሮግራም አዳራሽ የለውም። ፊርማም የለውም። ከቤት ቤት ነው የሚሄደው።

አሠልጣኞቹን ገምቱ እስቲ... እማማ የትነበርሽና አበቡ!

ምስጢር በመጀመሪያው ቀን ከኋላ ተቀምጣ የሚሉትን ትጽፍ ነበር።

ወዳጆቼ... ያዘነን ሰው መምከር ቀላል ነው። ጠይቆ፣ መልሱን እስኪጨርስ አብሮት መቀመጥ ነው የሚከብደው። እውነት ደግሞ አንዳንዴ የገዛ ሥራችንን ታፈርስብናለች... ያኔ ነው ለሰው እንደምንሠራ ወይም ለስማችን እንደምንሠራ የሚታወቀው።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... እናንተ በምስጢር ቦታ ብትሆኑ፣ የራሳችሁን ፕሮግራም የሚያዘጋውን ሪፖርት ታቀርቡ ነበር? ወይስ ያንን መንደር ታወጡት ነበር?