የቀዳ ይቅመስ

አስተናጋጇ ከጠርሙሱ ጠብታ ያህል ቀይ ወይን በእማማ ስህን ብርጭቆ ቀዳችና ቀምሰው «ይሁን» እስኪሏት ቆማ ጠበቀች። የሐይቁ ዳር ሆቴል እንዲህ ነበር ያስተማራት። የእማማ ስህን ፊት ግን ጠቆረ። ውጫሌ ላይ አርባ ዓመት ጠጅ ሲጥሉ፣ ከመዳፋቸው ሳይቀምሱ ለማንም ቀድተው አያውቁም።

«እንግዳ ነው እንዴ መጀመሪያ የሚቀምሰው? የቀዳ ይቅመስ እንጂ።»

«ሃያ ዓመት የከረመ ነው» እያለ ጠርሙሱን ከአዲስ አበባ ያመጣው የልጃቸው ባል ወደ አስተናጋጇ ዞረ። «በይ ቅመሺላቸው።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ሐራም ነው።»

«ጠብታ ናት እኮ። ምን ትሆኛለሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ የእማማ ስህን ቁጣ ከእሷ ወደ አማቻቸው ዞረ። ጠርሙሱን ከእጇ ተቀበሉና የአማቻቸውን መዳፍ ዘርግተው አፈሰሱበት። ነጭ እጅጌው ቀላ።

«ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ቅመስ።»

ሰው ሁሉ እያየው ከመዳፉ ጠጣ። ወዲያው ፊቱ ተኮማተረ፤ ወይኑ ሆምጥጦ ኖሯል። ሊተፋ ወደ ሐይቁ ዞር ሲል እማማ ስህን ክንዱን ያዙት።

«ዋጣት» አሉት። «ጠብታ ናት እኮ።»