ቀይ ክር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጌም የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ልጄ ከሞተ ወዲህ ግን ሆዴ አልቆርጥ ብሎኝ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ስፌቴን ጥዬ፣ መርፌዬን ደረቴ ላይ እንደሰካሁ ክፍሉ እገባና ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ያልሰለቸው ያው አንድ ጨዋታ ነው፤ ተራራ፣ ዘንዶ፣ ማለቂያ የሌለው መንገድ። እሱ የሚያጫውተው ጀግና አንድ ድልድይ ላይ፣ እሱ እንደተወው ቆሟል። አልነካውም፤ አየዋለሁ።

«አንተ ሰው፣ ይብቃህ! ልጁን አሳርፈው» ትለኛለች እናቱ ከኮሪደሩ። ክፍሉን ከቀብሩ ወዲህ ረግጣው አታውቅም።

ዛሬ ስከፍተው ጀግናው ድልድዩ ላይ የለም። ጨዋታው ውስጥ ባለች መንደር አንድ ደጃፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። የብረት ጥሩሩን አውልቆ ቡናማ ኮት ለብሷል። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ኮቱን አወቅሁት። ልጄ ለብሶት የተቀበረው ነው፤ እኔው ነኝ የሰፋሁት። ያን ቀን ቡናማ ክር አልቆብኝ፣ የታችኛዋን ቁልፍ በቀይ ክር ነበር የያዝኳት።

ቀይዋ ክር ላልታ ቁልፏ ተንጠልጥላለች።

የእናቱ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ዓይኗ የተንጠለጠለችው ቁልፍ ላይ ነው።

«ጠጋ በልልኝ» አለች። «መርፌውን ወዲህ በለው።»